ስለ ተቆረጠው የድንኳን ቅጥያ ለእድራችን ዳኛ የተጻፈ

ነቀምቴ፣ ባኬ ጃማ
ሐምሌ ፲፱፻፷፰ ዓ.ም.

ለተከበሩ አቶ መሸሻ ሀብተጊዮርጊስ
የላይኛው ሰፈር መረዳጃ እድር ዳኛ
ባሉበት

እጅግ የተከበሩ ዳኛችን ሆይ፤

የሐምሌ ጭቃ በጉልበትዎ ላይ እንዳይበረታ፣ ያ የቆየ ሳልዎ ለቆዎት እንዲከርም፣ ሱቅዎ ደንበኛ፣ ጎተራዎ እህል፣ እንቅልፍዎም ሰላም እንዳያጣ ከልብ እመኛለሁ። ስለ እኔ ለመጠየቅ ቸር ልብዎ ቢያነሣሣዎት፣ ሰውነቴ ደህና ነው። ሐሳቤ ግን በግንቦት ከተነሣ ወዲህ አልተቀመጠም፤ ይህን ደብዳቤ እንኳ ስጽፍ ብዕሬን እያስቀመጥኩ ወደ ደጅ ወጥቼ ተመልሻለሁ፤ ስለዚህ ቃሌ እዚህም እዚያም የረገጠ ቢመስልዎት ከእድሜዬ ሳይሆን ከነገሩ ነው ብለው ይለፉልኝ።

ደብዳቤውን በግልጽ የምጽፈው እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። በእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ የነበረው የማስታወቂያ ሰሌዳ፣ ኮሚቴው ያልፈቀደው ጽሑፍ እንዳይለጠፍበት ተብሎ ስለተነሣ፣ የቀረኝ የራሴ አጥር በር ብቻ ነው። እዚያው እለጥፈዋለሁ፤ ዝናብ እንዳያጥበውም ከላዩ ቆርቆሮ አደርግበታለሁ። የሚያነብ ቆሞ ያንብብ፤ የማያነብ የሚያነብለት ይፈልግ፤ በኦሮምኛ መስማት የሚሻ በሩን ቢያንኳኳ ወጥቼ እነግረዋለሁ። መልስ መስጠት ቢፈልጉ ከደብዳቤዬ ጎን ባዶ እንጨት ትቼልዎታለሁ፤ ምንም ቢጽፉበት አልነቅለውም።

በአጥሬ በኩል የሚያልፍ እንግዳ መንገደኛም ሊያነበው ስለሚችል፣ እርስዎ የሚያውቁትን ነገር ከሥሩ ደግሜ ስናገር ይታገሡኝ። እድራችን አንድ ድንኳን ነበረው። አባላቱ ሲበዙ ድንኳኑ ጠበበ፤ ያን ጊዜ የአቶ ጨመዳ ደረሳ ወንድም፣ ሾፌሩ መርጋ፣ ከጭነት መኪናው ላይ የወረደ አሮጌ ሸራ ሰጠን፤ ሸራው ከድንኳኑ ኋላ ተሰፍቶ ቅጥያ ሆነ። ሰዉ ቅጥያውን «ጓሮ» አለው። ከፊት፣ ከሐዘንተኛው አጠገብ፣ ቄሱና ሽማግሌው እርስዎም ትቀመጣላችሁ። በጓሮ ደግሞ ካርታ የሚጫወተው፣ ከገበያ ወሬ ይዞ የመጣው፣ በኦሮምኛ ጀምሮ በአማርኛ የሚጨርሰው፣ በማንኛውም ነገር ከማንኛውም ሰው ጋር የማይስማማው ሁሉ ይቀመጥ ነበር። ሌላ የት ሄዶ ይናገር? ስብሰባ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጠጅ ቤት ጆሮ አለው። ለለቅሶ ግን ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሞት እስካሁን ማመልከቻ አላስጻፈም።

በግንቦት የወይዘሮ በዛብሽ ባለቤት አቶ ዘነበ አረፉ፤ ድንኳኑ ተተከለ፤ ሁላችንም ገባን። በማግስቱ ከቀትር በኋላ አቶ ጨመዳ፣ በክሊኒክ ድሬሰር ሆኖ የኖረው፣ ግማሹን የሰፈር ልጅ መርፌ የወጋው ጨመዳ፣ ከጓሮ ሆኖ አንድ ጥያቄ አነሣ። የእድሩ ለፋፊ ታፋ ጎህ ሲቀድ ጥሩምባ ነፍቶ ሞት የሚያስታውቀው በአማርኛ ብቻ ነው፤ ከሰሚዎቹ ብዙዎቹ አሮጊቶችና ሽማግሌዎች አማርኛ ስለማያውቁ በየደጃቸው ወጥተው «ማን ሞተ?» እያሉ ልጅ ይጠይቃሉ። በሁለቱም ቋንቋ ቢለፈፍ ምን ይጎዳል አለ። እርስዎ ከፊት ሆነው መተዳደሪያ ደንቡ የተጻፈው በአማርኛ ነው ብለው መለሱ። እኔ ደግሞ ዝም ማለት ልማዴ ስላልሆነ፣ ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ጊዜውና ቦታው ግን አይደለም አልኩ። ይህን ጊዜ ጨመዳ ወደ እኔ ዞሮ፣ «የገብረኪዳን አያት ጠመንጃ ይዞ መጣ፤ የልጅ ልጁ ደግሞ ጠመኔ ይዞ ቀጠለ» አለ። ድንኳኑ ሳቀ። ከፊት የተቀመጡት እንኳ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። እኔ ኮቴን አንሥቼ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁሉ ያደረጉት ስለ እኔ ክብርና ስለ ማኅበሩ ሰላም መሆኑን ነግረውኛል። ስለዚህ ምስጋናዬን ከነቅሬታው በተራ ቁጥር ላቅርብ።

፩ኛ. ክብሬን ስለጠበቁልኝ አመሰግናለሁ። ከሁለት የኮሚቴ አባላት ጋር ጃንጥላ ይዛችሁ እስከ ቤቴ መጥታችሁ፣ ጨመዳ ከእድሩ መሰረዙን፣ የጓሮ ሰዎችም የይቅርታ ወረቀት እስኪፈርሙ መታገዳቸውን ስትነግሩኝ «ማን ጠየቃችሁ?» አልኳችሁ። እናንተ ግን ይህን ከትሕትና ቆጥራችሁት፣ «አይ መምህር፣ ግዴታችን ነው» ብላችሁ ሄዳችሁ። አሁን ትሕትና እንዳልነበረ በአክብሮት አስረዳለሁ። ጥያቄ ነበር፤ እስካሁንም መልስ አላገኘም።

ጨመዳ የተናገረው ስድብ ነው፤ ይህን ማንም አያስተምረኝም። ከስድቡ ግማሹን ልክደው አልችልም፤ አያቴ ከጎጃም ሲመጣ መቋሚያ ይዞ እንዳልመጣ የማያውቅ በነቀምቴ የለም። ስለ ጠመኔው ግን መልስ አለኝ፤ ጥሩ መልስ ነው። የዩኒቨርሲቲ ትምህርቴና በክፍል ውስጥ የቆምኩበት ዘመን ሁሉ ለዚያ መልስ ስንቅ ሆኖኛል። ከአርጆ ገጠር መጥተው ከእኔ ፊት የተቀመጡ ልጆች ዛሬ የት እንዳሉ እነግረው ነበር፤ የእሱ የራሱ ልጅ በማን ጠመኔ ፊደል እንደለየም እጠይቀው ነበር። እሱም መልስ አያጣም፤ እኔም ሌላ እጨምር ነበር። በሚቀጥለው ለቅሶ እዚያው ድንኳን ውስጥ፣ በሳቁት ሰዎች ፊት ልነግረው አዘጋጅቼ ነበር።

እርስዎ የሱን አፍ ዘጋሁ ብለው የእኔን መልስ ዘጉ። አሁን በከተማው የሚዞረው የሱ ቃል ብቻ ነው። ገበያ ወርጄ ሽንኩርት ስመርጥ ከኋላዬ «ጠመኔ» ሲሉ እሰማለሁ፤ ዞር ስል ሁሉም ቲማቲም ያያሉ። የተባረረ ሰው ቃል ይጣፍጣል፤ ሳይባረር የቀረው የእኔ መልስ ግን የትም አልተሰማም። ክብሬን እንዲህ አድርገው ለጠበቁልኝ፣ እኔም አንድ ቀን የእርስዎን ክብር በተመሳሳይ መንገድ ለመጠበቅ ዕድል እንዲሰጠኝ እጸልያለሁ።

፪ኛ. ስለ ድንኳኑ። ሰዎቹን ማገድ አልበቃ ብሎ የተቀመጡበትን ቦታ ጭምር ለማስወገድ ያሳዩትን ቆራጥነት አደንቃለሁ። ልብስ ሰፊ አስጠርተው ቅጥያውን ከስፌቱ አስፈትተው አስቆረጡ፤ ድንኳኑን ከኋላ አዘጉት፤ ሸራውንም ጠቅልለው ዕቃ ቤት ቆለፉበት። በአገራችን ሰው አጥፍቶ ሲባረር ሰምቼ አውቃለሁ፤ ሰው በተናገረው ነገር ሸራ ሲቆረጥ ግን ይህ የመጀመሪያው መሆን አለበት።

ከዚህም ጋር፣ በለቅሶ ድንኳን ውስጥ ከሟቹ መልካም ሥራና ከአየሩ ጠባይ በቀር ሌላ ነገር እንዳይነገር ደንብ አወጡ። ሰኔ ላይ ሌላ ለቅሶ ሆነ። ከእድሩ አባል ግማሹ ድንኳኑ ስላልበቃው ደጅ ቀረ፤ ዝናቡም እንደ ወለጋ ዝናብ ወረደ። ደንቡን አክብረን ስለ አየሩ ጠባይ ተናገርን፤ እንደዚያ ቀን በአንድ ድምፅ ተናግረን አናውቅም። አንድ ሽማግሌ ከአናቱ ላይ የሚወርደውን ውሃ እየጠረገ፣ «ኦቦ መሸሻ ስለ ዝናብ እንድናወራ ብቻ አይደለም የፈለጉት፤ እንድናውቀውም ነው» አለ። ይህም ስለ አየሩ ጠባይ የተነገረ በመሆኑ ከደንቡ እንዳልወጣ ልብ ይሉልኛል።

ደንቡ ሌላም ችግር አለበት። አባል ለቅሶ ሳይቀመጥ ከቀረ ይቀጣል፤ ተቀምጦ ከተናገረ ይታገዳል። እንግዲህ መጥተን ዝም እንድንል ነው። ዝም ብሎ የሚቀመጥ ሰው ግን ሐዘንተኛውን ያስፈራዋል እንጂ አያጽናናውም፤ የለቅሶ ቤት ጨዋታ ለምን እንደተፈጠረ ከእርስዎ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር።

፫ኛ. እድሩ የግል ማኅበር ነው የሚለውን ቃልዎን በተመለከተ። ሄጄ ባነጋገርኩዎት ጊዜ በትዕግሥት እንዲህ አሉኝ፤ «መምህር፣ እኛ መንግሥት አይደለንም። ማንንም አላሰርንም፤ ማንንም አልከለከልንም። ድንኳኑ የኛ ነው፤ በቤታችን የምንወደውን እናስቀምጣለን። ያልወደደ ሌላ እድር ይግባ፤ ካልሆነም ራሱ ድንኳን ይትከል።» ይህን ቃል ሰምቼ ተነሥቼ ወጣሁ። ቃልዎ እውነት አለበት። ሰው በራሱ ቤት ማን እንደሚቀመጥ የመምረጥ መብት አለው፤ እኔም በሳሎኔ የማላስገባቸው ሰዎች አሉ፤ ከነርሱ አንዱ እርስዎ እንዳይሆኑ እጥራለሁ።

ነገር ግን ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ ጥያቄው መጣብኝ። ድንኳኑ የማን ነው? ሸራውን የሰጠው የጨመዳ ወንድም ነው። ካስማውን የቆረጡት የጓሮ ሰዎች ናቸው። ድንኳኑ የእድሩ ነው፤ እድሩ ደግሞ እርስዎ ብቻ አይደሉም። ይህ ቢቀር እንኳ፣ ሌላ እድር ይግባ ያሉትን ቃል ጨመዳ እንደ ምክር ወስዶ ጨለለቂ ሰፈር ወዳለው እድር ሄደ። የጨለለቂው ዳኛ በጣም አዝነው፣ ከእናንተ ዘንድ ደብዳቤ እንደደረሳቸውና የተሰረዘ ሰው እንዳይቀበሉ እንደተጠየቁ ነገሩት። ወደ ገበያው እድር ሄደ፤ ደብዳቤው ከእሱ በፊት ደርሷል። እንግዲህ አንድ በር የግል ነው፤ ሁለተኛውም የግል ነው፤ ሦስተኛውም። ሁሉም የግል በሮች በአንድ እጅ ሲዘጉ ውጭ የቀረው ሰው መንግሥት አልዘጋብኝም ብሎ ይጽናና?

እውነቱን ለማጣራት ወደ ቀበሌም ሄድኩ። ይህ ውሳኔ ከእናንተ የመጣ ነውን ብዬ ጸሐፊውን ጠየቅሁ። ወጣት ሰው ነው፤ ሳቀ። «እኛ በእድር ነገር አልገባንም» አለኝ። ቀጥሎም ትንሽ አሰበና፣ «ግን መጥፎ ሐሳብ አይደለም፤ ለሌሎቹም እድሮች ማስተማሪያ ይሆናል» አለ። ሬዲዮው ሰፊው ሕዝብ በነጻነት ይወያይ ብሎ በሚናገርበት በዚህ ወቅት፣ ማንም ሳያዝዝዎት ከመንግሥት ቀድመው ዝም ያሰኙን እርስዎ ነዎት። ከሁለት ዓመት በፊት «ግርማዊ» ሲሉበት የነበረ አንደበት «አድኃሪ»ና «ሰርጎ ገብ» የሚሉ ቃላትን እንዲህ ቶሎ መልመዱ የሚደነቅ ነው። ጨመዳን «ሰርጎ ገብ» ብለው በስብሰባ ላይ ሲጠሩት ሰማሁ። እዚሁ ከተማ የተወለደ፣ አባቱም አያቱም እዚሁ የተቀበሩ ሰው ከየት ሰርጎ የት እንደገባ ቢያብራሩልኝ ጂኦግራፊ ሳስተምር ለኖርኩት ለእኔ ትምህርት ይሆነኛል። ሰርጎ ገብ ከተፈለገ እኔም እርስዎም በቅርብ አለን።

፬ኛ. ይህኛው ለእርስዎ የሚያደላ ነጥብ ነው። ሐዘንተኛ ዝምታ ከፈለገ ማግኘት አለበት፤ ከዚህ በላይ መብት የለም። ወይዘሮ በዛብሽ በዚያ ቀን «ተዉኝ፣ ዝም በሉ» ቢሉ ኖሮ እኔ ራሴ ጨመዳን በኮቱ ይዤ አወጣው ነበር፤ እርስዎም ትክክል ይሆኑ ነበር። ስለዚህ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ጥቁር ነጠላቸውን ወደ ኋላ መልሰው፣ «ልጄ፣ እኔኮ የሳቅሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ዘነበም ቢሰማ ይስቅ ነበር። አሁን የሚመጣው ሰው ሁሉ እጁን አጣምሮ ያየኛል፤ የሞትኩት እኔ ነኝ እንዴ?» አሉኝ። የማኅበሩን ሰላም ሲያስጠብቁ የሐዘንተኛዋን ሰላም ለመጠየቅ ጊዜ እንዳላገኙ ይገባኛል፤ ሥራ በዝቶብዎታል።

፭ኛ. ስለ ድንጋዩ። እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ጨመዳ ለመመለስ ከፈለገ ድንጋይ በትከሻው ተሸክሞ በኮሚቴው ፊት ተንበርክኮ ይቅርታ ይጠይቅ ብለው ወሰኑ። ልማዱን ያውቁታል፤ እኔም አውቀዋለሁ፤ በዚህ ነገር ኦሮሞውም አማራውም ጉራጌውም አንጣላም። የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ በበደለው ሰው ፊት ይንበረከካል። ድንጋዩን የሚያስጭነው ተበዳዩ ነው፤ «አውርድ» የሚለውም ተበዳዩ ብቻ ነው። በመካከል የቆመ ሽማግሌ ያስታርቃል እንጂ ድንጋዩን ለራሱ አያስጭንም። ባልተበደለ ሰው ፊት የሚሸከሙት ድንጋይ የሸክም ሥራ ነው።

የኮሚቴውን ቃል ይዞ የሄደው ለፋፊው ታፋ ነበር፤ መልሱንም ይዞ የመጣው እሱ ነው፤ ለእርስዎ አለዝቦ ነግሮዎት ሊሆን ስለሚችል እንዳለ ልድገመው። «ገብረኪዳን ይምጣና ይጠይቀኝ። ያን ጊዜ ወይ እሸከማለሁ ወይ ስንጨቃጨቅ እናመሻለን። መሸሻን ምን አደረግሁትና ነው?» ነው ያለው። ይህን ስሰማ ከዚያ ከድንኳን ከወጣሁበት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከጨመዳ ጋር ተስማማሁ፤ ይህም አልተመቸኝም።

እንግዲህ ተበዳዩ እኔ ገብረኪዳን ወልደገብርኤል በዚህ ደብዳቤ በሕዝብ ፊት እናገራለሁ። ድንጋዩን አውርጄለታለሁ። ስድቡን ይቅር ብዬ አይደለም፤ ስድቡ ገና ክርክር ላይ ነው። የምፈልገው ጨመዳን ተንበርክኮ ማየት ሳይሆን ፊት ለፊቴ ተቀምጦ መስማቱን ነው። የተንበረከከ ሰው ክርክር አይገባውም፤ ትከሻውን እንጂ ሌላ ነገር አያስብም።

ስድስተኛም ሰባተኛም ነበረኝ። እተዋቸዋለሁ፤ ጊዜ የለም፤ ለምን እንደሌለም አሁን እነግርዎታለሁ።

የጨመዳ እናት አዴ ወለቴ ታመዋል። ከአርጆ ወደዚህ ከተማ ከተዳሩ ጀምሮ በዚህ ሰፈር ያልተቀመጡበት ለቅሶ የለም። አማርኛ አያውቁም፤ ለማልቀስ ግን አስተርጓሚ ፈልገው አያውቁም። እናትዎ ያረፉ ጊዜ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ ወደየቤታቸው ሲመለሱ አዴ ወለቴ እስከ ሠልስቱ ከእህቶችዎ ጋር መሬት ላይ እንደተኙ እርስዎ ረስተውት ይሆናል፤ እህቶችዎ ግን አልረሱም። ለቅሶ ብድር ነው ይባላል። ትናንት ልጠይቃቸው ሄድኩ፤ ከጨመዳ ጋር ከግንቦት ወዲህ ስንተያይ የመጀመሪያችን ነበር። ከበሩ ላይ ቆመን «አካም ጅርታ» ብለን ሰላምታ ተለዋወጥንና ገባሁ። አዴ ወለቴ እጄን ይዘው ለልጃቸው በኦሮምኛ አንድ ነገር ነገሩት። ጨመዳ መተርጎም አልፈለገም። እኔም ኦሮምኛ እንደምሰማ ረስቶት ነበር። ያሉት፣ «ሰው ሳይኖር ትቀብረኛለህ ወይ?» ነው።

የተከበሩ ዳኛችን፣ እኔ የምጨቃጨቀው ስለ ንግግር መስሎዎት ከሆነ ልክ ነዎት። ግን በአገራችን የሚናገረውን ሰው ከድንኳን ማስወጣት ማለት፣ ሲሞትበት ጥሩምባ እንዳይነፋለት፣ ጉድጓድ የሚቆፍርለት እንዳይመጣ፣ ቃሬዛው በዕቃ ቤት እንደተቆለፈ እንዲቀር ማለት ነው። ከዚህ በፊት ማንም ከዚህ ሰፈር እንዲህ አልተቀበረም፤ ሌባም፣ ሰካራምም። አሮጊቷ ስለ ጠመኔም ስለ ጠመንጃም አንድ ቃል አልተናገሩም።

ስለዚህ እለምናለሁ። እሑድ ጠቅላላ ጉባኤ አለ። እዚያ ጨመዳን ይመልሱት፤ የታገዱትንም እንዲሁ፤ ቅጥያው ወደ ስፌቱ ይመለስ። ይህ ሁሉ ከከበደዎት፣ ቢያንስ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ለታፋ ይስጡትና አዴ ወለቴ ወግ እንዳያጡ ያድርጉ፤ የእኛን ጭቅጭቅ ከዚያ በኋላ እንጨርሰዋለን። ይህም ካልሆነ ስሜን ከጨመዳ ስም ቀጥሎ ይሰርዙልኝ። በሞትኩ ጊዜ ዝም ብላችሁ ስለ አየሩ ጠባይ ከምታወሩብኝ፣ ከአጥሬ ውጭ ቆሞ የሚሰድበኝ አንድ ሰው ይሻለኛል፤ እሱ ቢያንስ ያስታውሰኛል።

ከነቅሬታዬ፣ ከነምስጋናዬ፣ የማኅበሩን ሰላም ያለ እረፍት ለሚጠብቁት፣ ሳይጠየቁ ለሚሟገቱልን፣ ሳይታዘዙ ለሚታዘዙልን፣ ድንኳናችንን አሳጥረው ደንባችንን ላስረዘሙልን ዳኛችን በታላቅ አክብሮት ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ገብረኪዳን ወልደገብርኤል
ጡረታ የወጣ መምህር፣ እስከ እሑድ ድረስ የእድሩ አባል

ግልባጭ፦
– ለአጥሬ በር
– ለአቶ ጨመዳ ደረሳ፣ መልሱን እንዲያዘጋጅ
– ለቀበሌው ጸሐፊ፣ ማስተማሪያ እንዲሆነው

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጨርሼ ሳልለጥፈው አዴ ወለቴ አረፉ። እሑድን አልጠበቁም። ታፋ ጥሩምባውን ሊወስድ ወደ ዕቃ ቤት ቢሄድ፣ ቁልፉ ከእርስዎ ዘንድ ነው፣ እርስዎም ወደ ጊምቢ ለንግድ ሄደዋል ተባለ። ስለዚህ ባዶ እጁን ገበያውን ዳር ዳሩን እየዞረ በኦሮምኛ «አዴ ወለቴ ዱቴ»፣ አረፉ፣ ብሎ ለፈፈ፤ አንድም ሰው «ማን ሞተ?» ብሎ አልጠየቀም። ጉድጓዱን የታገዱት ቆፈሩ። የጨለለቂው እድር ዳኛ ራሳቸው አካፋ ይዘው መጡ፤ ደብዳቤዎን ማንሣት አልፈለጉም፤ እኔም አላነሣሁባቸውም። ባለሱቋ ወይዘሮ ሸዋርጋ የበረንዳቸውን ሸራ ፈትተው ልከው ከጨመዳ ደጅ ወጠርነው። አልበቃም፤ ዝናብ ነበር፤ ማንም ግን አልሄደም። መልሴን ለጨመዳ ዛሬ አልሰጠሁትም፤ ሐዘንተኛ ነው። ከሠልስቱ በኋላ እጀምራለሁ፤ እሱም ያውቃል፤ ከወዲሁ በዓይኑ እየለካኝ ነው።

ባለቤትዎ ወይዘሮ ሸዋጌጥ ከቀብር መልስ መጥተው ከኋላ፣ ከሰዉ መካከል ተቀመጡ፤ እስኪመሽም ተናገሩ። ስለ አየሩ ጠባይ አልነበረም። ምን እንዳሉ ግን ከእኔ አይጠብቁ፤ ያ ድንኳን የሰማውን ወደ እርስዎ የሚያመላልስ ሰው አልነበረበትም። ከጊምቢ ሲመለሱ ከራሳቸው ይሰሙታል።